የባንክ አክሲዮናችሁ ትርፍ ሲያንስ፦ መያዝ፣ መጨመር ወይስ መሸጥ?

ባለፈው ኅዳር በአንድ የግል ባንክ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰብሳቢው ሪፖርቱን አነበቡ። ትርፍ አድጓል፣ ተቀማጭ አድጓል፣ ቅርንጫፍ ጨምሯል። ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ አንድ አባት ተነሡ። የዓመቱን ሪፖርት ጠቅልለው በእጃቸው ይዘውታል። «ሁሉም አድጓል አላችሁን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኔ ድርሻ ግን ከአምናው አነሰ። የአምናውም ከካቻምናው ያነሰ ነበር። ታዲያ የሚያድገው የማን ነው?»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ከመድረክ የመጣው መልስ ረጅም ነበር። ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ስለ መጪው ውድድር። አባታችን ሲቀመጡ ግን መልሱ እንዳልደረሳቸው ፊታቸው ይናገራል።

ስንወጣ በረንዳው ላይ የሰማሁት ወሬ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «ቁርጤን አውቄ ልሸጠው ነው» ይላል። ሌላው «ያዘው፣ ይመለሳል»። ሦስተኛው «ርካሽ ሳለ ልጨምር እንጂ»። ሦስቱም የተናገሩት በንዴት ወይም በተስፋ ነው። ሒሳብ የሠራ አላገኘሁም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

የትኛው ባንክ ይሻላል የሚለውን እዚህ አታገኙም። የምታገኙት በእጃችሁ ያለውን አክሲዮን የምትመዝኑበትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ፐርሰንቱን እንፍታው

ባንኩ «ዘንድሮ 18 በመቶ የትርፍ ድርሻ» ሲል የሚያሰላው በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። እናንተ ከኪሳችሁ ባወጣችሁት ብር አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ባለአክሲዮን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሆኑ 40 አክሲዮኖች ገዛች። በገዛችበት ጊዜ ባንኩ ተፈላጊ ስለነበር በእያንዳንዱ ላይ 500 ብር ፕሪሚየም፣ ማለትም ከተጻፈው ዋጋ በላይ ጭማሪ፣ ከፍላለች። ያወጣችው 60,000 ብር ነው። ባንኩ 18 በመቶ ሲሰጥ የሚደርሳት ከ40,000ው ላይ ተሰልቶ 7,200 ብር ነው። ባወጣችው ገንዘብ ሲታይ 12 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ግብሩ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ግን 12ቱ ያለፈውን ነው የሚነግራት። ለውሳኔ የሚጠቅማት ሌላ ቁጥር ነው። አክሲዮኑን ዛሬ ብትሸጠው ስንት ታገኛለች? ገዢ በ1,200 ብር ቢወስድላት 48,000 ብር ይገባታል። 7,200 ብር ለ48,000 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። ከሌላ አማራጭ ጋር ማወዳደር ያለባት ይህን 15 ነው። የከፈለችው ፕሪሚየም ብትሸጥም ባትሸጥም አይመለስም። እሱን እያሰቡ መያዝ ዓመት ያስቆጥራል እንጂ ብር አያመጣም።

በበጀት ዓመቱ መሐል የተገዛ አክሲዮን ደግሞ ትርፍ የሚያገኘው ለቆየባቸው ወራት ብቻ ነው። አዲስ ገዢ ሆናችሁ የመጀመሪያው ዓመት ካነሰባችሁ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ትርፉ ለምን አነሰ?

ምክንያቱን ሳያውቁ መወሰን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። የሰሞኑ መቀነስ በአብዛኛው ከአራት ነገሮች ይመጣል።

ትልቁ የካፒታል ማሳደግ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች ከፍለው የጨረሱት መዋጮ) 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወሰነ። ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ጊዜ ሰጣቸው። ባንኮቹም አዲስ አክሲዮን ሸጡ፤ የትርፍ ድርሻንም ወደ ካፒታል አዞሩ። ይህ በእናንተ ድርሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ ላሳያችሁ። 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል ያለው ባንክ 600 ሚሊዮን ቢያተርፍ አንድ ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር አገኘ። ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ደርሶ ትርፉ 1 ቢሊዮን ቢሆን ግን አንዱ አክሲዮን የሚያገኘው 200 ብር ነው። ባንኩ «ትርፌ በ400 ሚሊዮን አደገ» ይላል፤ እውነቱን ነው። እናንተም «ድርሻዬ በሲሶ ቀነሰ» ትላላችሁ፤ እናንተም እውነታችሁን ነው። አባታችን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። እንዲህ ተብሎ ቢመለስላቸው ኖሮ ይገባቸው ነበር።

ሁለተኛው የብድር ገደብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ተከለከሉ። ገደቡ በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ባንክ የሚኖረው አበድሮ ነው። ካፒታሉ አብጦ ማበደር ካልቻለ ብሩ ሥራ ይፈታል።

ሦስተኛው ሕጋዊ መጠባበቂያ ነው። ባንክ ከተጣራ ትርፉ ሩቡን፣ ማለትም 25 በመቶውን፣ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ማስቀመጥ አለበት። ካፒታሉ ሲያድግ ይህ መንገድም ይረዝማል። እዚህ ላይ ቅሬታ አይገባም፤ ባንኩን የሚያቆመው እሱ ነው።

አራተኛው የተበላሸ ብድር፣ ማለትም ተበዳሪው በጊዜው ያልከፈለው ብድር፣ ነው። የሚያስፈራውም ይኼኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሁሉም ባንኮች ላይ የመጡ ናቸው፤ በጊዜም ይቀላሉ። አራተኛው ግን የቤቱ በሽታ ነው። ብሔራዊ ባንክ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ብድር ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠብቃል። የእናንተ ባንክ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በየዓመቱ እየተጠጋ ከሄደ፣ «ይመለሳል» የሚለውን ቃል አትመኑ።

የሦስት ዓመት ሪፖርት አውጡና ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልጉ። አንዱ በገቢ መግለጫው ግርጌ ያለው «በአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ» ነው። ሁለተኛው የተበላሸ ብድር ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ወርዶ ሁለተኛው ካልተነቃነቀ መንስኤው ካፒታሉ ነው። ሁለቱም ከተበላሹ ነገሩ ሌላ ነው።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ቢሸጥ ከሚያወጣው ብር አንፃር በዓመት ስንት በመቶ ያስገባል? ሁለተኛ፣ ሲቸግረኝ በስንት ቀን ብር ይሆንልኛል? ሦስተኛ፣ ዋናው ገንዘብ ምን ያህል ይጠበቃል? አራተኛ፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይራመዳል? አምስተኛ፣ ስንት ልፋት ይጠይቀኛል?

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የነበረበት ጊዜ ነበር። ያኔ 25 በመቶ የትርፍ ድርሻ የወሰደ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ፤ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ግን ቀድሞታል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ንረቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ የዛሬው 15 በመቶ ከያኔው 25 የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚናደደው ፐርሰንቱን ከአምናው ፐርሰንት ጋር እያስተያየ ነው። መወዳደር ያለበት ከገበያው የዋጋ ንረት ጋር ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ይዞ ትርፉን በጥሬው መውሰድ።* መንስኤው የካፒታል ዕድገት ብቻ ከሆነና ብሩ ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልተፈለገ ይህ ጥሩ ነው። ድካም የለበትም። ድክመቱ ዋናው ገንዘብ ባለበት መቆሙ ነው። የ1,000 ብር አክሲዮን ከአሥር ዓመት በኋላም የተጻፈበት 1,000 ነው። የሚያድገው ገዢ ከዚያ በላይ ሊከፍል ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ። ጉባኤው ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር ብሎ ከወሰነ ጥሬ ገንዘቡ ላይደርሳችሁ ይችላል። ለኪራይና ለልጅ ትምህርት ቤት ያሰባችሁት ከሆነ ይህ ያማል።

*መጨመር።* አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባር ባለአክሲዮን እንደ ድርሻው ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ብዙ ጊዜም በተጻፈው ዋጋ ይሰጠዋል። ውጭ ያለው ገዢ ፕሪሚየም እየከፈለ እናንተ በ1,000 ካገኛችሁት ጥሩ ዕድል ነው፤ ትርፉን የምትቆጥሩትም ባወጣችሁት ሙሉ ብር ላይ ይሆናል። ካልገዛችሁ ደግሞ ከባንኩ ውስጥ ያላችሁ ድርሻ ይሳሳል። ነገር ግን ውጭ ሰው በ900 ግዙኝ እያለ እየለመነ ከሆነ በ1,000 ከባንኩ መግዛት ለምን? ተበድሮ መጨመርን ግን አልመክርም። የብድሩ ወለድ በየወሩ ይመጣል፤ የትርፍ ድርሻ በዓመት አንዴ፣ እሱም ጉባኤው ሲፈቅድ።

*መሸጥ።* ቃሉ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን አስቸጋሪ ነው። ለብዙዎቹ ባንኮች እስካሁን የነበረው መንገድ ገዢን ራስ ፈልጎ፣ ዋጋ ተደራድሮ፣ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ሄዶ ስም ማዛወር ነው። ከጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮን በይፋ የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር፤ ገዳ ባንክም ተከትሎታል። የተመዘገበ አክሲዮን የሚሸጠው ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ነው፤ ዋጋውም በአደባባይ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ባንኬ ተመዝግቧል ወይ? ካልሆነስ መቼ?» ይሁን። ምዝገባው ከተቃረበ በሰፈር ደላላ ተቻኩሎ በቅናሽ መሸጥ ያስቆጫል።

ያም ሆኖ መመዝገብ ማለት ገዢ ተሰልፎ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ገበያው ገና ለጋ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምን አስታውሱ። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁሉ ሰው በሚያውቀው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የእናንተ አክሲዮን ገዢ በሳምንት ይገኛል ብላችሁ የሠርግ ቀን አትቁረጡ። ከገዛችሁበት በላይ ከሸጣችሁም በትርፉ ላይ ግብር ስለሚኖር ከመፈራረማችሁ በፊት ስሌቱን ጠይቁ።

*የጊዜ ገደብ ተቀማጭ።* ተራ ቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ይህ ወለል ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። በጊዜ ገደብ ሲቀመጥ ከዚያ ከፍ ይላል፤ የሚወስነውም ድርድር ነው። በሁለት ሦስት ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። በኅብረት የሚቆጥቡ ቤተሰቦች የተሻለ ወለድ ሲያገኙ አይቻለሁ። የዚህ ዋና ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ለአክሲዮን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ባንክ ሲፈርስ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው።

*የግምጃ ቤት ሰነድ።* ለመንግሥት ለአጭር ጊዜ ማበደር ነው። የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ። በቅናሽ ይገዛል፣ ቀኑ ሲደርስ በሙሉ ዋጋው ይመለሳል። ለምሳሌ በ87,000 የተገዛ የአንድ ዓመት ሰነድ 100,000 ሆኖ ቢመለስ 15 በመቶ ገደማ አገኛችሁ ማለት ነው። በባንካችሁ በኩል ዝቅተኛውን መጠንና የቅርቡን ጨረታ ውጤት ጠይቁ። ገቢው ቀድሞ ይታወቃል፤ ማንም ጉባኤ አይቀይረውም።

*የሌላ ድርጅት ወይም የአዲስ ባንክ አክሲዮን።* አዲስ ባንክ የመጀመሪያ ዓመታቱ ቅርንጫፍ በመክፈትና ሠራተኛ በመቅጠር ያልቃሉ። ትርፍ ከፈለጋችሁ ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። «በምሥረታ ላይ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀው የሽያጭ መግለጫ የት አለ? ካላሳዩአችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቢሮው ያማረ፣ ሻጩ ዘመድ ቢሆንም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ገቢው | ብር ለማድረግ | የዋናው ደህንነት | ልፋቱ |
|---|---|---|---|---|
| ይዞ ትርፍ መውሰድ | ይዋዥቃል፤ ጉባኤው ይወስነዋል | ይዘገያል | ዋስትና የለውም | ትንሽ |
| አክሲዮን መጨመር | በተጻፈው ዋጋ ከተገኘ ጥሩ | ይዘገያል | ዋስትና የለውም | መካከለኛ |
| መሸጥ | ቀጥሎ የት እንደሚገባ ይወስነዋል | ካልተመዘገበ ወራት ሊፈጅ ይችላል | በሽያጩ ዋጋ ይቆረጣል | ብዙ |
| የጊዜ ገደብ ተቀማጭ | ከ7 በመቶ በላይ፣ በድርድር | ቀኑ ሲደርስ፤ ቀድሞ ከተነሳ ወለዱ ይቀንሳል | በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር መድን | ትንሽ |
| የግምጃ ቤት ሰነድ | ሲገዙ ይታወቃል | ከ28 እስከ 364 ቀን | ተበዳሪው መንግሥት ነው | መካከለኛ |
| አዲስ አክሲዮን | መጀመሪያ ላይ ደካማ | በጣም ይዘገያል | ከሁሉም ያሰጋል | ብዙ |

ለማን የቱ?

ያላችሁ ከ20,000 ብር የማይበልጥ ከሆነና መንስኤው ካፒታሉ ብቻ ከሆነ፣ አትሽጡ። ለዝውውሩ የምትወጡት የምትወርዱት ከምታተርፉት ይበልጣል። ትርፉን በጥሬው ውሰዱና ለብቻው አስቀምጡት።

ጡረታ የወጡ ወላጆች ከሆኑና በትርፉ የሚኖሩ ከሆነ፣ ቢያንስ ግማሹን ቀኑ ወደሚታወቅ ገቢ ማዛወር ይሻላል። ግማሹ በጊዜ ገደብ፣ ከተቻለም በግምጃ ቤት ሰነድ። አንዴ ጉባኤ «ዘንድሮ ትርፉ ወደ ካፒታል» ብሎ ሲወስን መድኃኒት የሚገዙበት ያጡ ሰው አውቃለሁ። ሕጋዊ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከባድ ዓመት ሆነባቸው።

ደመወዝተኛ ወጣት ከሆናችሁና ብሩን ለአምስት ለስድስት ዓመት የማትነኩት ከሆነ፣ የተበላሸ ብድሩ ትንሽ በሆነ ባንክ ውስጥ በተጻፈው ዋጋ መጨመር ያዋጣችኋል። የ5 ቢሊዮኑ ግፊት ሲያልፍ የአዲስ አክሲዮን ጎርፉ ይቀንሳል፤ የብድር ገደቡም ላልቷል። ግን ተጠንቀቁ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ የባንክ ሥራ ሕግ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ፉክክሩ ትልልቁንና ቀልጣፋውን ላያስጨንቀው ይችላል። ለደካማው ግን ይከብደዋል።

200,000 ብርና ከዚያ በላይ በአንድ ባንክ አክሲዮን ያላችሁ ሰዎች፣ የባንኩ ጤና ደህና ቢሆንም ሲሶውን ማውጣት ጀምሩ። ደመወዛችሁም፣ ቁጠባችሁም፣ አክሲዮናችሁም በዚያው ባንክ ከሆነማ ይበልጥ ቸኩሉ።

ውጭ የምትኖሩ ወገኖች ሌላ ሒሳብ አለባችሁ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን መግዛት ሲፈቀድላቸው ዶላሩ 30 ብር እንኳ አልሞላም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከዚያም ከ130 በላይ ሆነ። ያኔ 1,000 ዶላር መንዝሮ አክሲዮን የገዛ ሰው፣ የአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ዛሬ ከ230 ዶላር አይበልጥም። በዶላር ለምታስቡ ሰዎች ይህን ጉድጓድ የትኛውም የትርፍ ድርሻ በቶሎ አይሞላውም። ስለዚህ አገር ቤት ለሚወጣ ወጪ፣ ለወላጅ መጦሪያ ወይም ለወደፊት መመለሻ ካሰባችሁት ያዙት። ለጡረታ በዶላር ካሰባችሁት ግን አዲስ አትጨምሩ።

ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ተበላሽተው ያገኛችሁት ሰዎች፣ ያላችሁ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ገዢ መፈለግ ጀምሩ። በ1,100 የሚጠይቃችሁን ሰው «በ1,500 ነው የገዛሁት» እያላችሁ አትመልሱት።

ይዛችሁ ከቀራችሁ

ለያዘ ሰው አንድ መብት ይቀራል። ድምፅ። በብሔራዊ ባንክ የኮርፖሬት አስተዳደር መመሪያ ከቦርድ መቀመጫው አንድ ሦስተኛው ተጽዕኖ ፈጣሪ ላልሆኑ ባለአክሲዮኖች የተተወ ነው። እነዚህ ከ2 በመቶ በታች የያዙ ናቸው፤ ማለትም እኔና እናንተ። ብዙዎቻችን ግን ውክልናውን ለቅርንጫፉ ሰው ወይም ላገኘነው ዘመድ ፈርመን እንሰጣለን። ከዚያ ቦርዱን እናማርራለን።

ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይጠራል። ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል፤ አጀንዳውም እዚያው አለ። «የተጠራቀመ ትርፍ ክፍፍል» እና «የካፒታል ማሳደግ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ፈልጉ። ከዚያ በወረቀት ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ የዘንድሮው መቀነስ ስንት እጁ ከአዲስ አክሲዮን፣ ስንት እጁ ከተበላሸ ብድር መጣ? ቀጣዩ ሁለት ዓመት ስንት አዲስ አክሲዮን ይወጣል? ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ላይ የምንመዘገበው በየትኛው ወር ነው? መልሱ በቁጥርና በቀን ይሁን በሉ። በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርም ጠይቁ። መሄድ ካልቻላችሁ ውክልናውን ይህችን ወረቀት ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡ።